ባሕርን ወደ ግቢው ያስመጣ ሰው

በግቢ ውስጥ የባሕር ዳርቻ መሥራት የዛሬ ባለጸጎች ፈሊጥ ይመስለን ይሆናል። ጥቂት መኪና አሸዋ፣ አንድ የመዋኛ ገንዳ፣ ሁለት ሦስት ዘንባባ፣ አንድ ጃንጥላ፤ ከዚያ ወዲያ አለቀ። ነገሩ ግን እጅግ ያረጀ ነው። ጃፓኖች ይህን ምኞት ከሺህ ሦስት መቶ ዓመታት በላይ ሲያሰላስሉት፣ ሲገነቡት፣ ግጥም ሲገጥሙለት ኖረዋል። እኔ በደጋ ተወልጄ ያደግሁ፣ ባሕርን በዓይኔ ከማየቴ በፊት በመጻሕፍት ያወቅሁ ሰው ነኝና ይህ ታሪካቸው ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይስበኛል።

በ720 የተጠናቀቀው «ኒሆን ሾኪ» የተባለው ዜና መዋዕል፣ በ626 ስለ ሞተው ስለ ኃያሉ ሚኒስትር ሶጋ ኖ ኡማኮ ሲናገር በግቢው ኩሬ አስቆፍሮ፣ በኩሬው መካከል ትንሽ ደሴት አሠርቶ ነበርና ሕዝቡ «የደሴቱ ሚኒስትር» ይለው እንደነበር ይገልጻል። (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ ሰውየው በሠራው ጦርነት ወይም ባቆመው ቤተ መቅደስ ሳይሆን በኩሬው ተጠራ ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ መናገሻዋ ናራ በነበረችበት ዘመን የቤተ መንግሥቱ የምሥራቅ ግቢ የራሱ ኩሬና የራሱ ዳርቻ ነበረው። ተመራማሪዎች ይህን ቦታ በ1967 ከአፈር በታች አገኙት፤ ታድሶም በ1998 ለሕዝብ ተከፈተ። ዳርቻው የተሠራው «ሱሃማ» በሚሉት ዘዴ ነው። ኩሬው በግንብ አይታጠርም። ትናንሽ ድቡልቡል ጠጠሮች ከሣሩ ጀምረው በዝግታ እያቆለቆሉ ወደ ውሃው ይገባሉ፤ ከውሃውም በታች ይቀጥላሉ። ውሃው ሲሞላ ዳርቻው ይጠባል፣ ሲጎድል ይሰፋል። ዓይን የብሱ የት እንዳበቃ ቁርጡን አያገኝም። ባሕር ያለ ማዕበል፣ ባሕር ያለ ጨው።

ያለ ጨው ባሕር ግን ያላረካው አንድ ሰው ነበር። ሚናሞቶ ኖ ቶሩ ይባላል፤ ከ822 እስከ 895 የኖረ፣ የንጉሠ ነገሥት ሳጋ ልጅ። አባቱ ልጆቹ ስለ በዙበት ብዙዎቹን የቤተ ሰብ ስም እየሰጠ ከንጉሣዊው ዘር መዝገብ አውጥቷቸዋል፤ ቶሩም ከእነዚህ አንዱ ነው። ይሁን እንጂ በሹመት ከፍ እያለ ሄዶ በ872 የግራ ሚኒስትር ሆነ። በእኛ አገር ማዕረግ ቀኝ አዝማች ከግራ አዝማች ይበልጣል፤ በእነርሱ ግን ግራው ነው የሚበልጠው። ስለዚህ አንባቢዬ «የግራ» የሚለውን አይቶ ሰውየውን እንዳያሳንሰው።

ቶሩ በኪዮቶ፣ በካሞ ወንዝ አጠገብ፣ ካዋራ ኖ ኢን የተባለ ሰፊ ቤት ሠራ። በአትክልቱ ስፍራም የሺዮጋማን ባሕር አስቀረጸ። ሺዮጋማ ከመናገሻው እጅግ ርቆ በሰሜን ምሥራቅ፣ በጥንቱ የሙትሱ ግዛት፣ ደሴቶች በተበተኑበት ወሽመጥ ዳር ያለ ስፍራ ነው፤ ስሙም «የጨው ጋን» እንደ ማለት ነው። ቶሩ በ864 የዚያ ግዛት ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሹሞ ነበር፤ ሹመቱ ግን ከመናገሻው ሳይነሡ የሚይዙት ዓይነት ነበር። የዚያ ዘመን ባለ ቅኔ ሺዮጋማን ለመግጠም ሺዮጋማን ማየት አያስፈልገውም። አንዳንድ የቦታ ስሞች ከነ ትዝታቸው፣ ከነ ስሜታቸው በግጥም ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ «ሺዮጋማ» ሲባል አድማጩ ከጨው ጠባሹ ምድጃ የሚወጣውን ቀጭን ጭስና የሰው ብቸኝነት ያያል።

ቶሩ የፈለገው ይህንኑ ጭስ ነበር። ትውፊቱ እንደሚለው፣ እውነተኛ የባሕር ውሃ ዛሬ ኦሳካ ከምትባለው ከናኒዋ ዳርቻ እያስቀዳ ወደ ግቢው ያስመጣ፣ ያስፈላም ነበር። ከኦሳካ እስከ ኪዮቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ውሃው በዮዶ ወንዝ ሽቅብ በጀልባ ተጎትቶ ሳይመጣ አይቀርም። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ይዟል፤ መቶ ሊትር ተሸክሞ የመጣ ሰው ድካሙ ሲፈላ ከአራት ኪሎ አይሞላም። የቀረው ሁሉ እንፋሎት ነው። ጌታው ደግሞ ጨው አልቸገረውም። ሰዎቹ የተሸከሙት በመጨረሻ የሚታየውን ያን ጭስ ነበር ብንል አልተሳሳትንም። የአንዳቸውም ስም አልተጻፈም።

«ኢሴ ሞኖጋታሪ» በተባለው የጥንት መጽሐፍ 81ኛ ክፍል በዚህ ግቢ የተደረገ አንድ ግብዣ ተተርኳል። የበልግ መጨረሻ ነው፤ የንጉሥ ልጆች ሌሊቱን ሲጠጡና ሲዘፍኑ አድረው፣ ጎህ ሲቀድ ቤቱን የሚያወድስ ግጥም በየተራ ይገጥማሉ። ከእልፍኙ ጣውላ በታች ያጎነበሰ አንድ የኔ ቢጤ የመሰለ ሽማግሌ ሁሉም እስኪጨርስ ይጠብቅና፣ ሳያውቀው መቼ ሺዮጋማ እንደ ደረሰ ግራ የገባው መስሎ ይገጥማል። ከውዳሴ ሁሉ የላቀ ውዳሴ ይህ ይመስለኛል፤ ባለቤቱን ሳያነሣ፣ ቤቱን ሳያነሣ፣ ባሕሩን አምኖ ተቀበለው።

እኔን ግን ሌላ ነገር ያስቸግረኛል። በ869 ሙትሱን ታላቅ የምድር መናወጥ መታት። በ901 የተጠናቀቀው የቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል እንደሚለው ባሕሩ እያገሣ ተነሥቶ እስከ ከተማው ግንብ ደረሰ፤ ሜዳውና መንገዱ ባሕር ሆነ፤ ሰዎች ጀልባ ለመያዝም ተራራ ለመውጣትም ጊዜ አጥተው አንድ ሺህ ያህሉ ሰጠሙ። ግንቡ ሊቃውንት እንደሚገምቱት ታጋጆ ነው፤ ሺዮጋማ የታጋጆ ወደብ ነበረች። ቶሩ ያን ጊዜ የአርባ ሰባት ዓመት ሰው፣ የመንግሥቱም ከፍተኛ ባለ ሥልጣን ነበር፤ ወሬውን አለመስማት አይችልም። ጂኦሎጂስቶች ያ ማዕበል ያመጣውን አሸዋ በሰንዳይ ሜዳ፣ ከሩዝ ማሳዎቹ አፈር በታች ተነጥፎ አግኝተውታል፤ ከመጋቢት 2011 ጥፋት በፊትም ስለ እርሱ ጽፈው ነበር። ይህም በሰው ግቢ የገባ የባሕር ዳርቻ ነው፤ ማንም ያልጋበዘው። ስለ ካዋራ ኖ ኢን በተገጠሙት ግጥሞች ካነበብኋቸው በአንዱም ውስጥ ግን ማዕበል የለም። ጭሱ አለ፣ ጨረቃው አለ፣ የዓሣ አጥማጁ ጀልባ አለ።

ስለ አትክልት ሥራ በአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት የተጻፈው «ሳኩተይኪ» የተባለው መጽሐፍ ይህን ጉድለት በከፊል ያወቀው ይመስላል። በግቢህ ውቅያኖስ ልታሳይ ብትሻ፣ ይላል በአጭሩ፣ አስቀድመህ ማዕበል የሚመታውን ሸካራ ዳርቻ በቋጥኝ አቁም፤ ነጩን አሸዋና ጥዱን ከዚያ ወዲያ አምጣ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል። በዚሁ መጽሐፍ ያለ ውሃ ስለሚሠራ የደረቅ ድንጋይ መልክአ ምድርም ተነግሯል፤ ከዘመናት በኋላ በኪዮቶው ርዮአንጂ ገዳም እንደምናየው ዐሥራ አምስት ድንጋዮችና የተፋቀ ነጭ ጠጠር ብቻ ለባሕር በቁ። ውሃ ተሸካሚው ከዚያ በኋላ አላስፈለገም፤ መፋቂያ የያዘ አንድ መነኩሴ ይበቃል።

ቶሩ በ895 ሲሞት ምድጃው ጠፋ። ገጣሚው ኪ ኖ ጹራዩኪ ቤቱን ጎብኝቶ፣ ጭስ ያጣውን ሺዮጋማ አይቶ የገጠመው ኀዘን በ905 በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ መሰብሰብ በተጀመረው የግጥም መድበል ውስጥ ይገኛል። ልጁ ቤቱን ለቀድሞው ንጉሠ ነገሥት ለኡዳ ሰጠ። አንድ ተረት እንደሚለው ኡዳ አንድ ሌሊት በዚያ ሳለ የቶሩ መንፈስ ማዕረግ ልብሱን እንደ ለበሰ መጥቶ ቤቱ የእኔ ነው ይለዋል። ኡዳም በጉልበት አልነጠቅሁም፣ ልጅህ የሰጠኝ ነው ብሎ ገሠጸው፤ መንፈሱም ጠፋ። የርስት ክርክር በዚያም አገር ከሞት በኋላ የሚዘልቅ ኖሯል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የዜአሚ ነው የሚባለው «ቶሩ» የተሰኘው የኖ ቴአትር ነው። አንድ ተጓዥ መነኩሴ ፍርስራሹ ግቢ ይደርሳል። በጨረቃ ብርሃን አንድ ሽማግሌ በትከሻው ሁለት ባልዲ አንጠልጥሎ ይመጣል፤ ማን እንደሆነ ቢጠየቅ የባሕር ውሃ ቀጂ ነኝ ይላል። ባሕር በሌለበት ከተማ የባሕር ውሃ ቀጂ ከየት መጣ? ሽማግሌው የግቢውን ታሪክ ይናገራል፣ የጌታውን ሞት አንሥቶ ያለቅሳል፤ ከዚያ በዙሪያው ያሉትን ተራሮች በስማቸው እየጠራ ያሳያል፤ በመጨረሻም ባልዲውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀድቶ በጉሙ ይሰወራል። ሽማግሌው ቶሩ ራሱ ነበር። በሁለተኛው ክፍል ተመልሶ እንደ ጌታ ለብሶ በጨረቃ ይጨፍራል። ዜአሚ ለምን መጀመሪያ ባልዲውን እንዳሸከመው የቴአትሩ ቃል አይገልጥም፤ እኔ ግን ስማቸው ያልተጻፈውን ሰዎች ሳላስብ ይህን ክፍል ማንበብ አልችልም።

ከካዋራ ኖ ኢን ዛሬ የቆመ ነገር የለም። በኪዮቶ ሾሴይ ኤን የሚባለው የአትክልት ስፍራ የእርሱ ቅሪት ነው የሚል ትውፊት አለ። ጥንት ቤቱ ነበረበት በሚባለው ሰፈር፣ ከጎጆ መንገድ ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ፣ ከአንድ ያረጀ ዛፍ ሥር ስሙ የተቀረጸበት የድንጋይ ምልክት ቆሟል። በአጠገቡ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ለጀልባ የተቆፈረ ታካሴ የሚባል ጠባብ ቦይ ያልፋል፤ ስሙ ከእኛው ተከዜ ጋር መቀራረቡ አጋጣሚ ብቻ ነው። ውሃው ከካሞ ወንዝ የተቀዳ ነው።