ስሙ የቀረ፣ ቡድኑ የሄደ

የአንድ ቡድን ባለቤት ማነው? ውሉን የፈረመው ባለሀብት ወይስ ዓመታት ሙሉ የጮኸለት ከተማ?

መልሱን ሲያትል በችግር ተምራዋለች። በ1967 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የቅርጫት ኳስ ቡድኗ «ሱፐርሶኒክስ» ተባለ። ምክንያቱ ቦይንግ ነው። ኩባንያው ያኔ እዚያው ከድምፅ የሚፈጥን የመንገደኞች አውሮፕላን ሊሠራ ተነሥቶ ነበር። በ1971 ግን የአሜሪካ ኮንግረስ ገንዘቡን አቋረጠ፤ አውሮፕላኑ ሳይበር ቀረ፤ ሠራተኞችም ተበተኑ። ከዚያ ሕልም የቀረው የቡድኑ ስም ነው። በ1979 ያ ቡድን ዋሽንግተን ቡሌትስን ረትቶ የኤንቢኤ ዋንጫ ለከተማዋ አመጣ።

በ2006 የስታርባክሱ ሃዋርድ ሹልዝ ቡድኑን ለኦክላሆማ ባለሀብቶች ሸጠው። እነሱም በሕዝብ ገንዘብ አዲስ አዳራሽ ይሠራልን አሉ፤ አልተሳካም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2008፣ ውሳኔው ሳይነበብ፣ ለከተማው 45 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው የአዳራሹን ኪራይ ውል አፈረሱና ሄዱ። በ19 ዓመቱ በሲያትል መለያ የጀመረው ኬቪን ዱራንትም አብሮ ሄደ።

ስሙና አረንጓዴ-ወርቃማ ቀለሙ ግን ለሲያትል ቀረ። ኦክላሆማ «ተንደር» የሚል አዲስ ስም አወጣች፤ በ2025 ዋንጫ አነሣች።

እኔ ስሙን ያስቀረችው ከተማ አልተሸነፈችም እላለሁ። ተጫዋች ይሸጣል፣ ፈቃድም ይዛወራል፤ አባት ለልጁ የነገረው የ1979 ታሪክ ግን በጭነት መኪና አይሄድም። ሲያትል ዘመድ ያላችሁ ደውሉና ጠይቁ፤ አረንጓዴው መለያ ዛሬም መንገድ ላይ ይታያል።