ከሌባ ሻይ እስከ ቦሌ፦ የቀዘቀዘ ዱካና የአነፍናፊው ምስክርነት

ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከ1839 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን በየዕለቱ ይጽፍ ነበር። ከባልደረባው ከኢዘንበርግ ጋር በ1843 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ያሳተመው የዕለት ማስታወሻ ስለ ሌባ ፈላጊው፣ ስለ ሌባ ሻይ፣ አሠራር ዘርዘር ያለ ገለጻ ይዟል። ንብረቱ የተሰረቀበት ሰው ለሌባ ሻዩ ያመለክታል። ሌባ ሻዩም ጥቁር ዱቄት በወተት በጥብጦ አሽከሩን ያጠጣውና ትምባሆ ያስጨሰዋል። አሽከሩ ራሱን ሲስት በእጁና በእግሩ እየዳኸ፣ እያነፈነፈ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ጌታው ወገቡ ላይ ያሰረውን ገመድ ይዞ ይከተለዋል። በመጨረሻ አንዱ ቤት ይገባና ከባለቤቱ አልጋ ላይ ይተኛል። በዱላ ተመትቶ ሲነቃ ባለቤቱን ይይዘዋል፤ የተያዘውም ጠፋ የተባለውን ዕቃ ዋጋ ይከፍላል።

በዚያው ዘመን የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ ሸዋ የገባው ሜጀር ሃሪስ በ1844 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ተመሳሳይ ነገር ጽፏል። ይሁንና ሁለቱን እንደ ሁለት ነጻ ምስክሮች መቁጠር አይገባም። ክራፕፍ የሃሪስን ልዑክ በቋንቋና በአገር ዕውቀት ይረዳ ስለነበር የአንዱ ወሬ ለሌላው ሊተርፍ ይችላል። ሁለቱም ነገሩን እንደ ጥንቆላ በንቀት ነው የሚያዩት፤ ሃሪስ ደግሞ ቃላት ማሳመር ይወዳል። ሆኖም መጠጡ፣ ገመዱ፣ አልጋ ላይ መውደቁና ክፍያው ከኋላ ዘመን ምንጮችም ጋር ይገጥማል። በኋለኞቹ ዘገባዎች መድኃኒቱን የሚጠጣው ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው።

እንዲህ ያለው ሥርዓት ለምን ያን ያህል ጸና? አንዱ ምክንያት ጊዜ ነው። በቅሎ ወይም በሬ ሲሰረቅ ትኩሱን ኮቴ ባለቤቱና ጎረቤቱ ራሳቸው ይከተላሉ። ዝናብ ከጣለ፣ የገበያ መንገድ ላይ የሌላ ከብት ኮቴ ከተደረበበት ወይም ነገሩ ውሎ ካደረ ግን ዱካው ይቀዘቅዛል። የቀረው ምርጫ አውጫጭኝ ወይም ሌባ ሻይ ነው። በአውጫጭኝ፣ አንዳንዶች አፈርሳታ በሚሉት፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ከሥራው ተፈትቶ ይውላል፤ ካልታወቀ አገሬው ያዋጣል። ውሻው በዚህ ነገር ውስጥ የለበትም። የደጋው ሰው ውሻ ግቢና በረት ይጠብቃል፤ ከማሳ ዝንጀሮና ከርከሮ ያባርራል፤ ባለቤቱ ሚዳቋ ወይም ድኩላ ሊያድን ሲወጣም ይከተለዋል። ውሎ ያደረ ጠረን መከተል የእሱ ሥራ አልነበረም።

ውሻን ለዚህ ሥራ እየመረጡ ማዳቀል ረጅም መዝገብ ያለው በአውሮፓ ነው። ዛሬ ቤልጂየም በሆነው በአርደን ደን የቅዱስ ሁበርት ገዳም መነኮሳት ትልልቅ፣ ጆሮ ረጃጅም አዳኝ ውሾች ያረቡ ነበር፤ ከእነዚህም በየዓመቱ ለፈረንሳይ ነገሥታት ይልኩ እንደነበር ይነገራል። የእንግሊዙ ብለድሃውንድ የእነዚሁ ዘመድ ነው። በ1570 እ.ኤ.አ. ስለ እንግሊዝ ውሾች የጻፈው ሐኪም ጆን ኬየስ ይህ ውሻ የቆሰለ አውሬን ብቻ ሳይሆን ከብት ሌባንም ተከታትሎ እንደሚይዝ መዝግቧል።

የዱካ ጠረን የሚመጣው ከሁለት ወገን ነው፤ አንደኛው ከሰው ገላ የሚረግፈው ቆዳና ላብ፣ ሁለተኛው የተረገጠው ሣርና አፈር። ጥላና እርጥበት ያቆየዋል፤ ፀሐይ፣ ነፋስና ደረቅ አስፋልት ያጠፋዋል። አርቢው ውሻውን ሲፈትን ውሻው የማያውቀውን ሰው በሜዳ ያስኬዳል፤ ሰዓታት ያሳልፋል፤ መሐል ላይ ሌላ ሰው መንገዱን እንዲያቋርጥ ያደርጋል። ከዚያ ውሻውን ይለቀዋል። አዲሱ ጠረን ወዳለበት የሚያዘነብለው ይቀራል፤ የመጀመሪያውን ሳይለቅ የሚዘልቀው ለዘር ይመረጣል። ስለዚህ የሚመረጠው አፍንጫ ብቻ አይደለም፤ ትዕግሥትና እልህ፣ ሐሳብን ባንድ ነገር ላይ የማጽናት ጠባይም አብሮ ይመረጣል። እነዚህ ደግሞ በአንድ ዘረመል የሚወሰኑ ስላልሆኑ ከጥሩ አባትና እናት ጥሩ ቡችላ ሁልጊዜ አይወጣም። እያንዳንዱ ትውልድ ተመልሶ መፈተን አለበት።

ዋጋም አለው። አሮጌ ዱካ የሚይዝ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ቀርፋፋ ነው፤ አውሬው ፊት ለፊቱ እያለ በትናንቱ መንገድ ላይ ይዘገያል። በአሜሪካ አዳኞች መካከል ይህ ክርክር ዘር እስከ መለየት ደርሷል። በአንድ ስም ይመዘገቡ ከነበሩት ውሾች ፈጣኖቹ ዎከሮች በ1945፣ ቀዝቃዛ ዱካ በመያዝ የታወቁት ብሉቲኮች ደግሞ በ1946 እ.ኤ.አ. ለየብቻ መዝገብ ወጣላቸው። ብለድሃውንድንም ሆድ የሚነፋ በሽታ ያጠቃዋል፤ በብሪታንያ በተደረገ ጥናት የዕድሜው አማካይ ወደ 7 ዓመት ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ሁለት ዓመት ግድም በኋላ፣ በጥቅምት 1888 እ.ኤ.አ.፣ ለንደን ውስጥ ሴቶችን እየገደለ የተሰወረ ሰው ከተማዋን አስጨንቆ ነበር። የፖሊስ ኮሚሽነሩ ሰር ቻርልስ ዋረን ከስካርቦሮው አርቢ ከኤድዊን ብራፍ ባርናቢና በርጎ የተባሉ ሁለት ብለድሃውንዶች አስመጣ። በሬጀንትስ ፓርክና በሃይድ ፓርክ ሲፈተኑ 15 ደቂቃ ያህል ቀድሞ የሄደን ሰው ተከታተሉ፤ በአንዱ ሙከራ ተፈላጊው ራሱ ዋረን እንደነበር የጊዜው ጋዜጦች ጽፈዋል። ፖሊስ ግን ውሾቹን ለመግዛትም ሆነ ዋስትና ለመስጠት ስላልቆረጠ ብራፍ መልሶ ወሰዳቸው። ኅዳር ላይ ሌላ ሴት ስትገደል በቦታው የደረሰ ውሻ አልነበረም። ቢደርስም ሺህ እግር በሚረግጠው ድንጋይ ንጣፍ ላይ ምን ያህል ይሠራ እንደነበር ያጠራጥራል።

ከሌባ ሻይ ጋር የሚነጻጸረው ግን ከለንደኑ ሙከራ ይልቅ የአሜሪካዋ የኬንተኪ ግዛት ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። በ1898 እ.ኤ.አ. ፔዲጎ በተባለ ተከሳሽ ጉዳይ የግዛቲቱ ይግባኝ ሰሚ ዳኞች ውሻ የመራበት ማስረጃ የሚሰማባቸውን ሁኔታዎች ደነገጉ። ውሻው ዘሩ የጠራና አፍንጫው የሰላ፣ የሰው ዱካ እንዲከተል የሠለጠነ፣ አስተማማኝነቱም በፈተና የተረጋገጠ መሆኑን በግል የሚያውቅ ሰው ይመስክር፤ የጀመረበት ቦታም ወንጀለኛው የነበረበት መሆኑ ይታወቅ ተባለ። ይህም ሁሉንም አላሳመነም፤ በ1903 እ.ኤ.አ. የነብራስካ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ማስረጃ ጨርሶ አልቀበልም አለ። የዘር መዝገብና የሜዳ ፈተና ግን ከአዳኞች ጨዋታ ወጥተው የዳኝነት ጥያቄ ሆነዋል።

በሣህለ ሥላሴ መቀመጫ በአንኮበር ለነበረው ሌባ ሻይ ይህን ጥያቄ ያቀረበለት የለም። መልሱ አስቀድሞ በታወቀ ነገር ላይ አልተፈተነም፤ ሲሳሳትም ስሕተቱ የሚታወቅበት መንገድ አልነበረም። አሽከሩ የወደቀበት ቤት ባለቤት ከፈለ፤ መክፈሉም እንደ ማረጋገጫ ተቆጠረ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተሰኘው መጽሐፋቸው በአልጋ ወራሽነት ዘመናቸው ካስቀሯቸው ልማዶች ጋር ሌባ ሻይን ይጠቅሱታል፤ ልጅን መድኃኒት አጠጥቶ በገባበት ቤት ሰውን ሌባ ማሰኘት ፍርድን እንደሚያዛባ ያስረዳሉ። መጽሐፉ የራሳቸውን ሥራ የሚያሳይ ስለሆነ በጥንቃቄ ይነበባል፤ ይሁንና የቀረበው ምክንያት የኬንተኪ ዳኞች ካሰቡት የራቀ አይደለም።

አነፍናፊ ውሻ የመንግሥት ሥራ ላይ ሆኖ ዛሬ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ቦሌ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ወደ እስያ ለሚያልፍ መንገደኛ ዋና መተላለፊያ በመሆኑ የዝሆን ጥርስ በሻንጣ ደብቀው የሚያልፉ ሰዎች በተደጋጋሚ ተይዘውበታል። መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. መንግሥት ለዓመታት የተከማቸ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ውስጥ አቃጥሏል። በኋላም የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ከአፍሪካ ዋይልድላይፍ ፋውንዴሽን ጋር በመተባበር ቦሌ ላይ አነፍናፊ ውሾች አሰማርቷል። ድርጅቱ ውሾችንና ያዦቻቸውን የሚያሠለጥነው በታንዛኒያ አሩሻ አቅራቢያ ኡሳ ሪቨር በሚገኘው ማዕከሉ ነው፤ ውሾቹ የሚመጡትም በአብዛኛው ከአውሮፓ ነው።

የቦሌው ውሻ ዱካ አይከተልም። የሚጠየቀው ማን በዚህ አለፈ ተብሎ አይደለም፤ በዚህ ሻንጣ ውስጥ ምን አለ ተብሎ ነው። ለዚህ ሥራ የሚመረጡትም ቀርፋፋዎቹ ጆሮ ረጃጅሞች ሳይሆኑ ማሊኗና ስፓንየልን የመሰሉ ፈጣን ውሾች ናቸው። መሠረቱ ግን አንድ ነው፤ አሠልጣኙ የት እንዳስቀመጠው በሚያውቀው ናሙና ውሻውን ደጋግሞ ይፈትናል፤ ባዶ ሻንጣ ፊት የሚቀመጥን ውሻ ያርመዋል፤ ካልታረመ ከሥራ ያስወጣዋል። ከዚያም በላይ ውሻው ሲያመለክት ነገሩ አያበቃም። ሻንጣው ይከፈታል። የዝሆን ጥርሱ ካለ ይታያል፤ ከሌለ መንገደኛው መንገዱን ይቀጥላል።

ስለዚህ ከአንኮበር እስከ ቦሌ ያለውን ለውጥ የሰው አፍንጫ በውሻ አፍንጫ መተካቱ አድርጎ ማየት ከዋናው ነገር ያርቃል። የተለወጠው የማስረጃው ደረጃ ነው። በሣህለ ሥላሴ ዘመን የአነፍናፊው ማመልከት የነገሩ መጨረሻ ነበር፤ ዛሬ የምርመራ መነሻ ነው። ውሾችን ለቀዝቃዛ ዱካ ሲመርጡ የኖሩት አርቢዎችም ለፍርድ ያቆዩት ትልቁ ነገር በፈተና የወደቀውን ውሻ፣ ዘሩ የቱንም ያህል የከበረ ቢሆን፣ የማስቀረት ልማዳቸው ነው።