የተበሳው ጠገራ ብር

ሀቢቾም ይሁን ሆሳዕና፣ ዱራሜም ይሁን ደሴ፣ ከአያት ሣጥን ጠገራ ብር ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚደረገው አንድ ነው። በአመድና በሎሚ ይወለወላል፤ ከዚያ ዋጋው ይጠየቃል። አሮጌ ሳንቲም ሰብሳቢው ግን ቀዳዳውንና የተወለወለ ፊቱን ሲያይ ዋጋውን ይቆርጣል፤ ያልተበሳ እንዳለም ይጠይቃል።

ሰብሳቢው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። የዓለም የሰብሳቢዎች ገበያ የሚመራው በዚህ ነው። አሜሪካውያን የቤዝቦል ተጫዋቾች ምስል ያለባቸውን አሮጌ ካርዶች ሲሰበስቡ ማዕዘኑ በታጠፈው ይጀምራሉ፤ እጃቸው ሲፈታ እሱን ሸጠው ንጹሑን ይገዛሉ። በ1952 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የሚኪ ማንትል ካርድ ለንጽሕናው ከ10 ነጥብ 9.5 ተሰጥቶት በ2022 እ.ኤ.አ. በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ያረጀውን በተሻለ መተካት ለካርድ ያዋጣል። ለጠገራ ብር ግን አደገኛ መንገድ ነው።

ምክንያቱም ጠገራው ላይ ያለው 1780 የሚለው ቁጥር ዕድሜውን አይነግርም። የኦስትሪያዋ ማርያ ትሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ነጋዴው ሌላ ቁጥር ያለበትን አልቀበልም ስላለ ቪየና ቁጥሩን ሳትቀይር መምታቷን ቀጠለች። ዛሬም ትመታለች። የእኛ ገበያ ደግሞ ቀላል ፈታኝ አልነበረም። ሻጩ በንግሥቲቱ ራስ ጌጥ ላይ ያሉትን ሉሎች፣ በትከሻዋ ያለውን ማያያዣ፣ ከደረቷ በታች ያሉትን ፊደላት እየዳበሰ ይመረምር ነበር። ሉሉ ከጠፋ ብሩ ተመላሽ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን መልክ ያለበት ብር ፓሪስ ላይ ባስመቱ ጊዜ እንኳ የገጠሩ ሰው ለብዙ ዘመን የለመዳትን ሴት መረጠ።

ይህን እምነት ሙሶሊኒም ያውቅ ነበር። በ1935 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ ጠገራውን የመምታት መብት ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አስመታ። እንግሊዞችም ገበያው እንዳያመልጣቸው ብለው በዓመቱ ለንደን ላይ ጀመሩ። ኋላ ቦምቤይና በርሚንግሃምም ተመቷል። ሁሉም ላይ የተጻፈው 1780 ነው! እነዚህን ለመለየት የንስሩን የጭራ ላባዎችና የማያያዣውን ሉሎች አሰላለፍ የሚያውቅ ዓይን ይጠይቃል።

እንግዲህ የተበሳውን ሰጥቶ የሚያብረቀርቀውን የተቀበለ ሰው ምን አገኘ? ምናልባት የኢትዮጵያን አፈር ረግጦ የማያውቅ፣ ከቪየና በቅርብ የወጣ ብር። ከዚያም ከባሰ፣ ለወረራው ጦር ስንቅ መግዣ የተመታ።

ቀዳዳው ደግሞ የሚያሳፍር ጉድለት አይደለም። ጠገራ ብር በሀገራችን ገንዘብም፣ ጌጥም፣ የክፉ ቀን መጠባበቂያም ነበር። ተበስቶ በክር አንገት ላይ ይታሰራል፣ በአንጥረኛ እጅ ቀልጦ መስቀልና አምባር ይሆናል። አዲሱ ብር በ1937 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ ቀስ በቀስ ከገበያ ሲወጣ ብዙው ያለቀው በዚያው በአንጥረኛ ወናፍ ነው። የተረፈው የተረፈው አንገት ላይ ስለነበረ ይሆናል።

አንጥረኛ ሲመዝነው 28 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ 23.4 ግራሙ ንጹሕ ብር ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚሸጠው በዚህ ሒሳብ ነው። የምኒልክ ብር ከሆነ ግን በሚዛን መሸጡ ኪሳራ ነው፤ ሰብሳቢ አንበሳው የግራ ወይስ የቀኝ የፊት እግሩን እንዳነሣ እንኳ አይቶ ዋጋ ይለያያል። የትኛውም ቢሆን ሎሚውን ማስቀመጥ ይሻላል፤ ጥቁረቱ አይጎዳውም፣ መፈግፈጉ ግን አይመለስም። አያት በሕይወት ካሉ ደግሞ ማን እንደበሳው፣ ለማን ሠርግ እንደታሰረ ጠይቆ በወረቀት ጽፎ አብሮ ማስቀመጥ ወጪ የለውም።