ሁለት ከተሞች ባንድ ወንዝ ዳር፤ የሐምቡርግና የአልቶና ውኃ በ1892

ውኃ በቧንቧ ከየቤቱ መግባቱ ብቻውን ለጤና ዋስትና እንደማይሆን ለማስረዳት ከሐምቡርግ ታሪክ የሚበልጥ ምስክር አላገኘንም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረውም ይህንኑ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ሐምቡርግ በ1842 በደረሰባት ታላቅ ቃጠሎ ብዙ ክፍሏ ከወደመ በኋላ፥ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ሊንድሊ ውኃ በቧንቧ የሚታደልበትን ሥራ ዘረጋላት። ሥራው በ1848 ሲጀመር ለዘመኑ የሚያስመካ ነበር። ነገር ግን ውኃው ከኤልበ ወንዝ ተስቦ፥ በኩሬ ጥቂት ከረጋ በኋላ፥ ሳይጣራ ወደ ቤቶች ይሄድ ነበር። ካርል ክሬፐሊን የተባለ የሥነ እንስሳት ሊቅ በ1880ዎቹ ዓመታት በዚሁ ቧንቧ ውስጥ ስለሚኖሩ እንስሳት ጥናት አሳትሟል። በመጠጥ ውኃ መስመር ውስጥ ለመጽሐፍ የሚበቃ ፍጥረት መገኘቱ ለሹማምንቱ በቂ ማስጠንቀቂያ በሆነ ነበር። እነርሱ ግን ወጪውን ማን ይሸከም በሚል ክርክር ዓመታት አሳለፉ፤ የማጣሪያው ሥራ የተወሰነው በ1890 ነው።

ከሐምቡርግ ጋር ግንብ ለግንብ የምትዋሰነው አልቶና ያን ጊዜ የፕሩሲያ ከተማ ነበረች። ውኃዋን የምትቀዳው ከዚያው ከኤልበ ሲሆን፥ ያውም ከሐምቡርግ በታች፥ የጎረቤቷ ፍሳሽ ሁሉ ከተቀላቀለበት ስፍራ ነው። ሆኖም ከ1859 ጀምሮ ውኃውን በአሸዋ ታጣራ ነበር። እንግዲህ የከፋውን ውኃ የምትቀዳው አጣሪዋ፥ የተሻለውን የምትቀዳው ግን ሳታጣራ የምታጠጣው መሆኗን ልብ ይሏል።

በነሐሴ 1892 ኮሌራ ገባ። (በዚያው ዘመን፥ በክፉ ቀን፥ አገራችንንም ይኸው በሽታ አጥቅቷት ነበር።) በሐምቡርግ በጥቂት ሳምንታት ከ8,000 በላይ ሰው ሞተ፤ በአልቶና የሞተው ጥቂት መቶ ነው። የሁለቱ ከተሞች ወሰን ባንድ መንገድ መካከል በሚያልፍበት ስፍራ በሽታው በሐምቡርግ በኩል ያሉትን ቤቶች ሲመታ በማዶ ያሉትን አለፋቸው። በሐምቡርግ ክልል ሆኖ ከአልቶና ቧንቧ ይጠጣ የነበረ የሠራተኞች መኖሪያም ዳነ። አየሩ አንድ፥ አፈሩ አንድ፥ ድህነቱም አንድ ነበር። የኮሌራን ጀርም ቀደም ብሎ ያገኘው ሮበርት ኮኽ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በቤተ ሙከራ ሊያዘጋጅ ባልቻለም ነበር። ተቃዋሚው ማክስ ፎን ፔተንኮፈር ግን ጀርሙን በፈቃዱ ጠጥቶ በቀላል ተቅማጥ ስላመለጠ፥ ክርክሩ ወዲያው አልተዘጋም።

ለእኛ ይበልጥ ትምህርት የሰጠን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በተከተለው ክረምት ብርዱ ሲጠና አልቶናም ታመመች፤ በውርጭ ጊዜ የተጠረገ ማጣሪያ ሥራውን በሚገባ አልሠራምና። ምክንያቱም አሸዋው ብቻ አያጠራም፤ በላዩ ቀስ በቀስ የሚበቅለው ቀጭን ሕያው ልባስ ነው ጀርሙን የሚይዘው። ኮኽም ውኃው በሰዓት ከ100 ሚሊሜትር ፈጥኖ በአሸዋው እንዳይወርድ፥ ከተጣራም በኋላ በአንድ ሴንቲሜትር ኩብ ከ100 ጀርም እንዳይበልጥ ወሰነ። ሐምቡርግ ማጣሪያዋን በ1893 ጨረሰች። ክሎሪን ያለማቋረጥ በከተማ ውኃ መጨመር የመጣው ዘግይቶ ነው፤ በአሜሪካ ጀርሲ ሲቲ በ1908 ሐኪሙ ጆን ሊል ያስጀመረው ሥራ ከታወቁት ቀዳሚዎች አንዱ ነው።

ይህን ስናነብ ወደ ራሳችን ቤት መለስ ማለታችን አልቀረም። ኩልል ያለ ውኃ ሁሉ ንጹሕ ይመስለናል፤ የሐምቡርግ ሰው ግን በተቃራኒው የደፈረሰውን ለምዶት ነበር። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧው ባዶ ሲሆን ግፊቱ ስለሚወድቅ፥ በተሰነጠቀው በኩል የአፈሩ እድፍ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ስለዚህ ከማጣሪያው ንጹሕ የወጣው ውኃ ቤት እስኪደርስ ሌላ ይሆናል። ከዚያም በጀሪካን ይቀመጣል፥ በጣሳም ይጨለፋል። በሐምቡርግ ወረርሽኝ ጊዜ ለሕዝቡ የታዘዘው ማፍላት ዛሬም ያገለግላል። በቤት ክሎሪን የሚጨምርም ቢሆን የደፈረሰውን አስቀድሞ አስረግቶ በንጹሕ ጨርቅ ያጥልል፤ ድፍርሱ መድኃኒቱን ይበላዋልና። ከጨመረ በኋላም ሳይጠጣ ግማሽ ሰዓት ይጠብቅ።