የሟች ዕዳና የልጅ ተዝካር

በቀድሞው ዘመን ባላገር ሰው ደዌው ጸንቶበት ሞቱ ሲታወቀው አስቀድሞ የሚያስጠራው የንስሐ አባቱን ነበረ። ኀጢአቱን ለብቻው ከተናዘዘ በኋላ ጎረቤትና የአጥቢያ ሽማግሌ ለምስክርነት ይገቡና ከመደቡ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ሕመምተኛውም ርስቱንና ከብቱን ለልጆቹ ከማደላደሉ አስቀድሞ፣ ድምፁ እየደከመ፣ «ለእገሌ ሦስት ብር አለብኝ፤ ለእገሊት ሁለት ቁና ጤፍ አልመለስሁም፤ ከእገሌ ዘንድ ግን አንድ በሬ አለኝ» እያለ የሚከፍለውንና የሚከፈለውን ይቈጥራል። ብድር በወረቀት በማይጻፍበት አገር ይህ ኑዛዜ የነፍስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሒሳብ መዝገብም ነበረ፤ ከኑዛዜው የተረሳ ባለገንዘብ፣ ሟች ተነሥቶ ሊያምንለትም ሊክደውም ስለማይችል፣ ወራሾቹን በምስክር ከመርታት በቀር መንገድ አልነበረውም።

በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድ ደግሞ፣ ቁርኣን ውርስ የሚከፋፈለው ዕዳ ከተከፈለ በኋላ መሆኑን ስለሚያዝ፣ ከሟች ቤተ ዘመድ አንዱ በጀናዛው ፊት ቆሞ «ዕዳ አለው የሚል ቢኖር ወደ እኔ ይምጣ» ብሎ የማሳወቅ ልማድ አለ። በሕዝብ ፊት የተሰጠ ቃል ስለ ሆነ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከብዙ ውል ይልቅ የጸና ነው።

ሕያው ባለዕዳማ መያዣው ብዙ ነበረ። መክፈል ያቃተው ሰው ከባለገንዘቡ ጋር በአንድ ሰንሰለት ቁራኛ ይታሰር እንደ ነበረ፣ ሁለቱም አብረው ውለው አብረው ያድሩ እንደ ነበረ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገራችንን የጐበኙ የውጭ አገር ሰዎች እየተደነቁ ጽፈዋል። ሞት ሰንሰለቱን ቢፈታውም ዋሱንና መሬቱን ግን አይፈታም። ርስት የዘር ሀብት ስለ ሆነ የቸገረው ባለርስት መሬቱን ከመሸጥ ይልቅ በወለድ አገድ ማስያዝን ይመርጥ ነበር፤ ይኸውም አበዳሪው በወለድ ፈንታ መሬቱን እያረሰ ፍሬውን ይበላል፣ ዋናው ገንዘብ ግን ሳይጎድል እንዳለ ይቆያል ማለት ነው። ስለዚህ አባት በክፉ ቀን የወሰዳትን ጥቂት ብር ሳይመልስ ቢሞት፣ ልጁ የሚወርሰው መሬቱን ሳይሆን መሬቱን የማስለቀቅ መብት ነበረ፤ የአባቱን እርሻ ሌላ ሰው ሲያርሰው በየክረምቱ እያየ፣ ያንኑ ብር እስኪያገኝ ድረስ ይጠብቃል። «ያባት ዕዳ ለልጅ» የሚባለው ተረት እውነት ከነበረበት ስፍራ አንዱ ይህ ነው።

ሆኖም ብዙውን ልጅ ያደኸየው አባቱ የተበደረው ገንዘብ ሳይሆን፣ አባቱ ከሞተ በኋላ በአባቱ ስም የተበደረው ገንዘብ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሙታን መታሰቢያ ከሣልስት፣ ከሰባት፣ ከዐሥራ ሁለትና ከሠላሳ ጀምሮ እስከ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት ድረስ ቀናትን ሠርታለች፤ ሥርዓቱ የሚሻው ግን ጸሎትንና ለድኻ የሚሰጥ ምጽዋትን ነው። ዳሱን ያሰፋው፣ ሰንጋውን ያስጣለው፣ ጠላውንና ጠጁን በጋን ያስጠመቀው የሰው ዓይን ነው። የአባቱን አርባ ሳያወጣ የቀረ ልጅ በማኅበሩም በገበያውም ቀና ብሎ መሄድ ስለማይችል፣ በሬውን ሽጦ ወይም በአራጣ ተበድሮ ካህናቱንና አገሩን ያበላል፤ ሟች በኑዛዜው ከቈጠረው ዕዳ የሚበልጥ አዲስ ዕዳም በአንዲት ቀን ይገባል። የቤተ ክርስቲያን የሕግ መጽሐፍ የሆነው ፍትሐ ነገሥት አራጣን እንደሚያወግዝ ስናስብ ነገሩ ይበልጥ ያስገርማል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ሁሉ በጥቂት አንቀጾች ለየው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ነበሩ፤ በአገራቸው በፈረንሳይ ውርስን ያለ ገደብ የተቀበለ ወራሽ የሟችን ዕዳ ከራሱም ሀብት ጭምር የሚከፍል ሲሆን፣ ለእኛ ባዘጋጁት ሕግ ግን ውርሱ ተጣርቶ እስኪያልቅ ራሱን የቻለ ሀብት ሆኖ ይቆያል፤ ባለገንዘቦችም የሚጠይቁት ከዚያው ነው፤ ወራሹ በገዛ ጥሪቱ አይጠየቅም፤ ውርሱንም አልፈልግም ለማለት ይችላል። አንቀጽ 1014 የአከፋፈሉን ተራ ሲወስን፣ መጀመሪያ የቀብሩን ወጪ፣ ቀጥሎ የውርሱን ማስተዳደሪያና ማጣሪያ ወጪ፣ ከዚያ የሟችን ዕዳ፣ ከዚያም የቀለብ ዕዳን ያስቀምጣል፤ ሟች በኑዛዜው ለይቶ የሰጠው ስጦታ የሚከፈለው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የሚቀጥለው አንቀጽ አጭር ቢሆንም የአገሩን ኑሮ በሚገባ የተመለከተ ነው። የቀብሩ ወጪ ከሟች ማዕርግ ጋር የተመጣጠነ እስከ ሆነ ድረስ ከሁሉ ቀድሞ እንዲከፈል ይፈቅድና፣ የተዝካር ወጪ ግን ከቀብር ወጪ እንዳይቈጠር ይከለክላል። በዚህም ምክንያት ለአርባው ሰንጋና ማር በዱቤ የሰጠ ነጋዴ፣ ወጪው የቀብር ነው ብሎ ከሌሎች ባለገንዘቦች ቀድሞ የሟችን ሀብት መጠየቅ አይችልም፤ የሚጠይቀው ዱቤውን የወሰደውን ልጅ ነው። በከተማ ዕድር ተስፋፍቶ ድንኳኑንና የቀብሩን ገንዘብ በማኅበር መሸፈን ከጀመረ ወዲህ የልጁ ሸክም በመጠኑ ቀልሏል፤ የአርባውና የሙት ዓመቱ ድግስ ግን ዛሬም በብዙ ቤት የሚወጣው ከልጁ ኪስ ነው።