የዋርሶ ጌቶ ስውር መዝገብ

ጀርመኖች በኅዳር 1940 እ.ኤ.አ. የዋርሶን አይሁዶች ጌቶ በተባለ ሰፈር በግንብ አጥረው ከተቀረው ከተማ ለዩዋቸው። የታሪክ ተመራማሪው አማኑኤል ሪንገልብሉም ስውር መዝገብ ያቋቋመው በዚያው ወር ነው። አባላቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሚገናኙ «ኦይነግ ሻቦስ»፣ የሰንበት ደስታ፣ ተባለ።

ሪንገልብሉም ሥራው የወሬ ማሟሟቂያ እንዳይሆን ስለሰጋ ባለሙያ ጋዜጠኞችን ሆን ብሎ ያርቅ ነበር። ስጋቱ ግን ብዙም አልያዘም፤ ከመዝገቡ ምርጥ ገጾች ብዙዎቹ የጋዜጠኛ እጅ ያረፈባቸው ናቸው። የቀድሞው ዘጋቢ ፔሬጽ ኦፖቺንስኪ በጌቶው ፖስተኛ ሆኖ ተቀጠረ። ደብዳቤ የሚያድል ሰው የማይገባበት ቤት የለም፤ ማን እንደተራበ፣ የትኛው ቤት በተስቦ እንደተመታ በዓይኑ እያየ ጻፈ። ጋዜጠኛዋ ራሔል አወርባኽ ደግሞ በሌሽኖ ጎዳና የሾርባ ማደያ ትመራ ነበር። በየቀኑ የሚሰለፉትን፣ ውለው አድረውም ከሰልፉ የሚጠፉትን ታውቃቸው ነበርና ስለ ረሃብ የጻፈችው ከሩቅ ሆና አይደለም። መዝገቡ ከጽሑፍ ሌላ የራሽን ካርድ፣ የግድግዳ ማስታወቂያ፣ የከረሜላ መጠቅለያ ሳይቀር ያከማች ነበር።

በ1942 መጀመሪያ ከኬልምኖ የግድያ ጣቢያ ያመለጠ አንድ ሰው ዋርሶ ሲደርስ ሥራው መልኩን ለወጠ። ሰዎች በጋዝ እንዴት እንደሚገደሉ የሰጠው ቃል ተጽፎ በፖላንድ ስውር ንቅናቄ በኩል ለንደን ገባ፤ በሰኔም ቢቢሲ ስለ ጭፍጨፋው ተናገረ። ዜናው ግን ግድያውን አላስቆመውም። ሐምሌ 22 ቀን የጌቶውን ሕዝብ ወደ ትሬብሊንካ የግድያ ጣቢያ ማጋዝ ተጀመረ። በነሐሴ መጀመሪያ የመዝገቡ አንድ ክፍል በአሥር የቆርቆሮ ሣጥኖች ተሞልቶ በኖቮሊፕኪ 68 በሚገኝ ትምህርት ቤት ምድር ቤት ተቀበረ፤ በ1943 የካቲት ሌላው ክፍል በሁለት የወተት ቢዶኖች ተከተለ። ከትሬብሊንካ ያመለጠው አብርሃም ክሼፒትስኪ ለአወርባኽ የሰጠው ረጅም ምስክርነት በዚህ በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ነበር።

ሪንገልብሉም ከሚስቱና ከልጁ ጋር በመጋቢት 1944 ተገደለ። ከ50 እስከ 60 ከሚገመቱት አባላት ከጦርነቱ የተረፉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ አወርባኽና ባልና ሚስቱ ሔርሽና ብሉማ ዋሰር። ፍርስራሹ እንዲቆፈር አጥብቃ የወተወተችው አወርባኽ ነበረች። ሣጥኖቹ በ1946 ሲወጡ ውኃ ገብቶባቸው ብዙ ወረቀት ተበላሽቷል፤ ቢዶኖቹ በ1950 ሲገኙ ግን ይዘታቸው ደህና ነበር። ተቀብሯል የሚባለው ሦስተኛ ክፍል ግን እስካሁን አልተገኘም። በእጅ ያለው 35,000 ያህል ገጽ በዋርሶ የአይሁድ ታሪክ ተቋም ይጠበቃል። አወርባኽ በ1950 ወደ እስራኤል ሄዳ የጭፍጨፋው መታሰቢያ ተቋም በሆነው በያድ ቫሼም የምስክርነት መሰብሰቢያ ክፍሉን አቋቋመች፤ በ1961 በናዚው ባለሥልጣን በአይክማን ችሎት ፊት ቀርባም ቃሏን ሰጠች።