ለኬሚስትሪ ዲግሪ የሚቆጠር የውጭ አገር ቆይታ፦ በማንጋፍ ላሉ ተማሪዎችና ሠራተኞች

በውጭ አገር መማርና መሥራት የኬሚስትሪ ዲግሪ አካል የሚሆነው የተማሪው ዩኒቨርሲቲ ቆይታውን አስቀድሞ ሲፈቅድ፣ በጊዜው ሲከታተልና ሲጠናቀቅም በውጤት መዝገብ ላይ ሲያሰፍር ነው። ይህ ካልሆነ ቆይታው የሥራ ልምድ ሊሆን ይችላል፤ ለዲግሪ ግን አይቆጠርም። ልዩነቱ በማንጋፍና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም አገር ቤት የጀመሩትን ትምህርት አቋርጠው ለሥራ ለመጡ ወጣቶች፣ የዓመታት ድካም ፍሬ የሚያፈራበት ወይም ባክኖ የሚቀርበት ጉዳይ ነው።

በማንጋፍ አቅራቢያ ያለው ኢንዱስትሪ

ማንጋፍ ከኩዌት ከተማ በስተደቡብ፣ በአሕመዲ ክፍለ ግዛት በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ትገኛለች። ከእርሷ ወደ ደቡብ ሲኬድ የሚና አል አሕመዲና የሚና አብዱላ ነዳጅ ማጣሪያዎች እንዲሁም የሹዐይባ የኢንዱስትሪ ቀጠና አሉ። በሹዐይባ የሚገኘው ኤኩዌት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 ተመሥርቶ በ1997 ማምረት ጀመረ። ኤቲሊንን፣ ለፕላስቲክ የሚውለውን ፖሊኤቲሊንንና ለፖሊስተር ጨርቅ የሚውለውን ኤቲሊን ግላይኮልን ያመርታል።

በማጣሪያዎች ውስጥ ድኝ ከነዳጅ የሚወጣው ነዳጁ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ከሃይድሮጅን ጋር በካታሊስት ላይ እንዲያልፍ በማድረግ ነው። በዚህ ጊዜ ድኙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ይሆንና በሌላ ሂደት ወደ ድኝነት ይመለሳል። ይህን መሰል ሥራ በተቆጣጣሪ ሥር ሆኖ የሚለማመድ ተማሪ ናሙና መውሰድን፣ የድኝን መጠን መለካትንና ራስን ከአደጋ መጠበቅን ይማራል። ተቆጣጣሪና ስምምነት በሌለበት ግን በፋብሪካ አጠገብ መኖርም ሆነ በፋብሪካ መቀጠር ብቻውን ትምህርት አይሆንም።

የቆይታው ዓይነቶች

ቆይታው በሦስት መንገድ ይፈጸማል። እነዚህም በሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚወሰድ ትምህርት፣ በኩባንያ የሚደረግ ልምምድና በምርምር ተቋም የሚካሄድ ጥናት ናቸው። በብሪታንያ በርካታ የኬሚስትሪ ዲግሪዎች በኢንዱስትሪ ወይም በውጭ አገር የሚያልፍ አንድ ዓመት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 በተጀመረው የአውሮፓ ኢራስመስ መርሐ ግብር ደግሞ ተማሪው፣ ላኪውና ተቀባዩ ተቋም የትምህርት ስምምነት ይፈራረማሉ። የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት በ60 ክሬዲት ይመዘናል።

ለኢትዮጵያ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1961 የተጀመረውና በ1970 ኬሚስትሪን የጨመረው ዓለም አቀፍ የሳይንስ መርሐ ግብር የኢትዮጵያን ኬሚስቶች ሲደግፍ ቆይቷል። አሠራሩ «ሳንድዊች» ይባላል። ተማሪው በአገሩ ዩኒቨርሲቲ ተመዝግቦ ይጀምራል፤ አገር ቤት የማይገኙ መሣሪያዎችን ለመጠቀም ለተወሰኑ ወራት ይሄዳል፤ ተመልሶም በአገሩ ይመረቃል። የምርምሩ ጥያቄ ከአገር ቤት ይነሣል፤ ውጤቱም ወደዚያው ይመለሳል።

በኩዌት ያለው ዕድልና ገደብ

እ.ኤ.አ. በ1966 የተከፈተው የኩዌት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪንም ኬሚካል ምሕንድስናንም ያስተምራል። ለማንጋፍ ቅርብ በሆነችው በዑቀይላ የሚገኘው የመካከለኛው ምሥራቅ አሜሪካን ዩኒቨርሲቲም የኬሚካል ምሕንድስና ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የኩዌት የሳይንስ ምርምር ተቋም ደግሞ በነዳጅና በውኃ ላይ ያጠናል።

ወደ እነዚህ ተቋማት መግባት ግን በመኖሪያ ፈቃድ ዓይነት ይወሰናል። አንቀጽ 20 ለቤት ሠራተኞች፣ አንቀጽ 18 ለግል ድርጅት ሠራተኞች የሚሰጥ ነው። በአንቀጽ 20 የገባ ሰው ፈቃዱን በሕግ ሳይቀይር በሌላ ስፍራ፣ በልምምድ ስምም ቢሆን፣ ቢሠራ ከአገር እስከ መባረር ሊደርስ ይችላል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. የ2015 ሕግ ቁጥር 68 ለቤት ሠራተኛ ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን ይሰጣል፤ አሠሪው ፓስፖርቷን እንዳይዝም ይከለክላል። የዕረፍቱ ቀን ለንባብና በርቀት ለሚሰጥ ትምህርት ሊውል ይችላል። የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ግን በርቀት አይተካም።

መያዝ የሚገባቸው ሰነዶች

ትምህርት አቋርጦ የሚወጣ ተማሪ የማቋረጫ ቅጽ ሞልቶ ማስፈረም ይኖርበታል። በደንቡ መሠረት ያቋረጠ ተማሪ ተመልሶ ለመግባት ማመልከት ሲችል፣ ሳያሳውቅ የጠፋ ግን ቦታውን ሊያጣ ይችላል። የውጤት መግለጫና የኮርስ ዝርዝር በኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በተቀባዩ አገር ኤምባሲ ከጉዞ በፊት ቢረጋገጡ፣ ኋላ ከሩቅ ሆኖ ከመከታተል ያድናል።

ልምምድ የሚያደርግ ሰው በየቀኑ የሠራውን በመዝገብ ይጽፋል፤ በመጨረሻም የሥራውን ዓይነትና የሰዓቱን ብዛት የሚገልጽ ደብዳቤ ከተቆጣጣሪው ይቀበላል። በውጭ አገር የተገኘ ዲግሪ አቻ ግምት የሚሰጠው በኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የሚመረቅ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ማለፍ ስለሚጠበቅበት፣ ከውጭ ቆይታ የሚመለሰውም ለዚሁ መዘጋጀት ይኖርበታል።

ስለዚህ ውል ከመፈረምና ከመጓዝ በፊት ለትምህርት ክፍሉ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ቆይታ በውጤት መዝገቤ ላይ በስንት ክሬዲት ይሰፍራል? መልሱ በጽሑፍና በማኅተም ሲሰጥ ዓመቱ የዲግሪው አካል ይሆናል።